ባዶ ቤት ውስጥ ካሜራ ይዛችሁ ለምትገቡ

ልጆቼ፣

ሰው ጥሏቸው የሄዱ ቤቶችን በጥቁርና ነጭ ማንሳት ስጀምር ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የተላጠ ልስን፣ የተሰበረ መስኮት፣ ትንሽ አቧራ፤ ቀለሙን ካጠፋችሁት ሁሉም ያሳዝናል። ጣጣውም እሱው ነው። ሁሉም እኩል ካሳዘነ የትኛው ፎቶ ስለየትኛው ቤት እንደሚናገር በምን ይለያል?

ቀለም ሲሄድ ዓይናችሁ የተማመነበት ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል። የዛገ ቆርቆሮና በስንጥቁ የበቀለ ሣር በቀለም አይምታቱም፣ በግራጫ ግን አንድ ሆነው ቁጭ ሊሉ ይችላሉ። በፊልም የምትሠሩ ሌንሱ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ፊልተር (ባለቀለም መስታወት) አድርጉ፣ የራሱን ቀለም ያፈካል ሌላውን ያጨልማል፤ በዲጂታል የምትሠሩ በራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱና ወደ ግራጫ ስትቀይሩ አንዱን አፍክታችሁ ሌላውን አጨልሙ።

የብርሃን መለኪያውንም በጭፍን አትመኑት። ያሳያችሁትን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ነው ሥራው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ግድግዳ ብታሳዩት አመድ ያደርግላችኋል። አንድ ሁለት ስቶፕ ቀንሱለት (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፣ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቅር። ፊልም ደግሞ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ሲከፈትበት ይደክማል፣ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል፤ መለኪያው አሥር ሰከንድ ካለ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ስጡት።

ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንትና ሂላ ቤኸር ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘመናቸው እያለፈ የነበሩ የውሃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫዎችን ለአሥርት ዓመታት አንስተዋል። የሚጠብቁት ደመናማ ሰማይን ነበር፣ ጥላ እንዳይኖር። ካሜራው ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ። በ1990 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ፣ በጣሊያን በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርዒት፣ የተሸለሙት በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ግን ፎቶዎቹን ላየ ሰው ዳኞቹ አልተሳሳቱም። እኔ እንደነሱ ጥላን መተው አቅቶኛል። ትዕግሥታቸውን ግን ውሰዱ።

ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ብቻችሁን አትግቡ። ወለሉ ከበሰበሰ ፎቶው ይቅርባችሁ። በአሮጌ ሕንጻ ውስጥ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ቁስ) ሊኖር ስለሚችል አቧራ አትቀስቅሱ።

አቧራን ካነሳሁ አይቀር፣ ወጣት ሳለሁ በአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ውስጥ ጥግ ላይ የነበረ ወንበር አንስቼ መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። ብርሃኑ ያምር ነበር። ፎቶ ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ገብቼ ወረቀቱ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ምስሉን ሲያወጣ፣ ጥጉ ላይ አቧራ ያላገኛቸው አራት የወንበር እግር ቦታዎች ብቅ አሉ፤ ከነሱ እስከ መስኮቱ ድረስ ደግሞ የጫማዬ ኮቴ። ፎቶውን ካደነቁልኝ ሰዎች አንዳቸውም አላስተዋሉትም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ኮቴው አይደለም። ወንበሩ በቦታው ሳለ የሚያየው በሩን ነበር፤ ምናልባትም የመጨረሻው ዘበኛ የተቀመጠበት ይሆናል።