ቀረጥ ዜሮ ከሆነ ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ ምን ተለወጠ?

የብሪታኒያና የአውሮፓ ኅብረት ስምምነት ቀረጥን ካስቀረ ላኪዎች ለምን እንደሚቸገሩ ጠይቀዋል። ዋናው ምክንያት ከቀረጥ ነፃ የሚሆነው በስምምነቱ መሠረት የብሪታኒያ ምርት መሆኑ የተረጋገጠ ዕቃ ብቻ መሆኑ ነው። እስያ ተሰፍቶ ለንደን መጋዘን ያደረ ሸሚዝ የኅብረቱ አባል ወደ ሆነችው አየርላንድ ዋና ከተማ ወደ ደብሊን ሲላክ፣ በብሪታኒያ ስላልተመረተ የኅብረቱ ቀረጥ ሊከፈልበት ይችላል።

ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ የቀድሞዎቹ ደንቦች የቀጠሉበት የሽግግር ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ ብሪታኒያ ከነጠላ ገበያውና (አባላቱ በጋራ ደንብ ከሚነግዱበት) ከጉምሩክ ኅብረቱም (አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ ከማይጠይቁበት) ስለወጣች፣ ቀረጥ የማይከፈልበት ዕቃም የጉምሩክ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ደግሞ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅባቸዋል። ለአንድ ካርቶንም ሆነ ለሙሉ የጭነት መኪና የሚያስፈልገው የወረቀት ሥራ ብዙም ስለማይለያይ፣ ሸክሙ ከሁሉም በላይ የሚከብደው በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ ነው፤ በእኔ እምነት በክርክሩ ውስጥ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ጉዳትም ይህ ነው።

የለንደን ባንኮች በአንድ ፈቃድ በመላው ኅብረቱ የመሥራት መብታቸውን አጥተዋል። የብሪታኒያ መንግሥት አካል የሆነችው ሰሜን አየርላንድ ግን ከአየርላንድ ጋር በምትጋራው ደሴት ላይ የድንበር ፍተሻ እንዳይመለስ ሲባል ብዙዎቹን የኅብረቱን የዕቃ ደንቦች መከተሏን ቀጥላለች፤ በዚህም ምክንያት ቁጥጥሩ ከታላቋ ብሪታኒያ (ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከዌልስ) ወደ እርሷ በሚሻገሩ ዕቃዎች ላይ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታኒያና በኅብረቱ መካከል የተደረሰው የዊንዘር ማዕቀፍ የተባለው ስምምነት ይህን አቃለለው እንጂ አላስቀረውም።

ጉዳዩን ስከታተል ደጋግሜ ካየሁት ስሕተት ላስጠንቅቅዎ፦ እ.ኤ.አ. የ2019ን ንግድ ከ2021 ጋር ብቻ አነጻጽረው አይደምድሙ። የኮቪድ ወረርሽኝ በመካከል ስላለ፣ በዚያው ጊዜ ሌሎች ተመሳሳይ አገሮች የነበሩበትን ሁኔታ አብረው ይመልከቱ፤ የዕቃና የአገልግሎት ንግድንም ለየብቻ ይመርምሩ።