ጠይቁን፦ የአፍሪካ ሴቶችን ከቴኒስ ማጣሪያው ጀምሮ መከታተል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሩጫ ላይ የአገሬ ልጆች ካሉ ሥራዬን ጥዬ ነው የማየው፣ አሁን ደግሞ ቴኒስ በጣም ወድጃለሁ፣ ግን ዋናው ውድድር ሲጀመር የአህጉራችን ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ኢትዮጵያዊትማ የለችም። ከዛ በፊት ማጣሪያ አለ ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ነው የሚሰራው? ማንንስ ልከታተል? ኔትወርክ ቤት ውስጥ በደንብ አይዝልኝም፣ ዳታም ውድ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ማጣሪያው እኮ ለእኔ ከዋናው ውድድር ይበልጣል፣ ምክንያቱም የአፍሪካ ልጆች እጣ የሚወሰነው እዛ ነው። ግራንድ ስላም ላይ (አራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች ናቸው፦ የአውስትራሊያው፣ የፈረንሳዩ ሮላን ጋሮስ፣ የእንግሊዙ ዊምብልደን፣ የአሜሪካው ዩኤስ ኦፕን) በሴቶች 128 ተጫዋች ይገባል፣ ከነዚህ 104ቱ በራንኪንጋቸው (በዓለም ደረጃቸው) በቀጥታ ይገባሉ፣ 8 ያህል አዘጋጁ በግብዣ ያስገባቸዋል፣ የቀሩት 16 ቦታዎች ናቸው በማጣሪያ የሚያዙት። ለ16 ቦታ ሌላ 128 ሴት ትፋለማለች፣ ሶስት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ነው፣ አንዱን ከተሸነፍሽ በቃ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ቤት። ብሩም ቀላል አይደለም፣ በ2024 ዊምብልደን ማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ላይ የወደቀች 15 ሺህ ፓውንድ አገኘች፣ ዋናው ውድድር ገብታ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈች ግን 60 ሺህ፣ ይሄ ልዩነት ለአንዷ ልጅ የአሰልጣኝ ደሞዝ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ ምናምን ማለት ነው፣ ለዛ ነው ሶስተኛው ዙር ላይ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የምታዪው።

የአገር ልጅ ከሌለ የጎረቤትና የአህጉር ልጅ አለ። የግብጿን ማያር ሸሪፍን ያዢ። በ2020 ሮላን ጋሮስ ማጣሪያውን አልፋ ግራንድ ስላም ዋና ውድድር ላይ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ግብፃዊት ሆነች፣ መጀመሪያ የደረሳት ደግሞ የቼኳ ካሮሊና ፕሊሽኮቫ ነበረች፣ ማያር የመጀመሪያውን ሰት (ጨዋታው የሚከፈልበት ምዕራፍ ነው) በታይብሬክ፣ ማለትም 6 ለ 6 ሲሆኑ በሚለየው ተጨማሪ ፍልሚያ፣ ወሰደችባት! ጨዋታውን ብትሸነፍም በሚቀጥለው ዓመት አውስትራሊያ ላይ አንድ ጨዋታ አሸነፈች፣ በ2022 ጣሊያን ፓርማ ላይ ደግሞ የግሪኳን ሳካሪን በፍጻሜ አሸንፋ ዋንጫ በላች። መንገዱ በማጣሪያ ነው የጀመረው ማለት ነው።

ሶስተኛው ዙር ላይ ወደቀች ብለሽም ስልክሽን ቶሎ አትዝጊ። ዋናው ውድድር ውስጥ ያለች አንዷ በጉዳት ከወጣች በመጨረሻው ዙር ከወደቁት ውስጥ አንዷ ትተካለች፣ ላኪ ሉዘር ይሏታል። የቱኒዚያዋ ኦንስ ጃቤር በ2017 ሮላን ጋሮስ የገባችው እንደዛ ነው፣ ገብታም 6ኛ ተመዳቢ (በውድድሩ ውስጥ በደረጃ 6ኛ) የነበረችውን የስሎቫኪያዋን ሲቡልኮቫን አሰናብታ ሶስተኛ ዙር ደረሰች። ያቺው ልጅ በ2022 እና በ2023 የዊምብልደን ፍጻሜ ተጫወተች። ከማጣሪያ ተነስታ ዋንጫውን የወሰደችው ግን እስካሁን የእንግሊዟ ኤማ ራዱካኑ ብቻ ናት፣ በ2021 ዩኤስ ኦፕን፣ 10 ጨዋታ አንድም ሰት ሳትሸነፍ።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ልንገርሽ። ማጣሪያው ዋናው ውድድር ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሮላን ጋሮስ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ ዊምብልደን ከቀኑ 7 ሰዓት (የሚጫወቱት ዋናው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ሮሃምፕተን የሚባል ቦታ ነው)፣ ዩኤስ ኦፕን ምሽት 12 ሰዓት፣ ለሰራተኛ ሰው እሱ ይመቻል፣ አውስትራሊያ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እና ማታ ፕሮግራሙን አይተሽ ልጅቷ ስንተኛ እንደምትገባ ካላወቅሽ በከንቱ ትነቂያለሽ። ሰዓት የሚቆረጠው ለመጀመሪያው ጨዋታ ነው፣ የቀሩት በዛው ሜዳ ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ከፊቷ ያሉት ሁለቱ ጨዋታዎች ረዥም ከሄዱ አራት አምስት ሰዓት ልትጠብቂ ትችያለሽ። ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ማጣሪያ ክፈቱልኝ ማለት አያዋጣም፣ ኳስ ነው የሚከፍቱት። የውድድሩ የራሱ አፕ ላይ ያለው ላይቭ ስኮር ነጻ ነው፣ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ዳታ የሚበላው እዚህ ግባ አይባልም፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠም ይሰራል። ሶስተኛው ሰት 6 ለ 6 ከደረሰ ታይብሬኩ እስከ 10 ነጥብ ነው፣ በ2 ነጥብ ልዩነት፣ ያኔ በረንዳ ላይ ወጥተሽም ቢሆን ኔትወርክ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ የኬንያዋ ኦኩቶዪ ዊምብልደን በላች ተብሎ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ለምንድነው ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ የማናያት? (ከሰበታ)

መልስ፦ በልታለች ወንድሜ፣ ግን በታዳጊዎች ነው፣ በ2022 ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር በጥንድ። ታዳጊና አዋቂ የተለያየ ራንኪንግ ነው ያላቸው፣ አዋቂዎቹ ጋር ከታች ጀምሮ መውጣት አለ፣ ማጣሪያው ራሱ የሚቀበለው በግምት እስከ 230ኛ ያሉትን ነው። በዛ ፍጻሜ የተሸነፈችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ቪክቶሪያ ምቦኮ ከነጓደኛዋ፣ ወላጆቿ ከኮንጎ የሆኑ ካናዳዊት። ምቦኮ በ2025 የሮላን ጋሮስ ማጣሪያን አልፋ ሶስተኛ ዙር ደረሰች፣ በዛው ክረምት ሞንትሪያል ላይ የጃፓኗን ኦሳካን አሸንፋ ትልቅ ዋንጫ ወሰደች። ኦኩቶዪ ደግሞ አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ተጫወተች፣ በ2024 አክራ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ጨዋታዎች በነጠላ ወርቅ አግኝታለች። ስለዚህ ጨርሳ አልጠፋችም፣ ዝቅ ባሉት የአይቲኤፍ (የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን) ውድድሮች ላይ ስሟን ፈልጋት። የኛም ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ የምትታየው እንደዛ ባሉ ውድድሮች፣ ናይሮቢ በመሳሰሉት ላይ ነው፣ ዊምብልደን እስክትደርስ የሚጠብቅ ሰው ግማሹን ታሪክ አያየውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ሱሉልታ ግድግዳ ላይ ትለማመዳለች፣ ኳሱ ግን ከራሷ በላይ ይነጥራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከፍታው ነው እናቴ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይሮጣል፣ የቴኒስ ሕጉ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል፣ እናንተ ደግሞ ከዛ እጥፍ በላይ ናችሁ። ለእድሜዋ ብርቱካናማው የልጆች ኳስ ነው የሚሆነው፣ ከመደበኛው በግማሽ ያህል ይዘገያል። ካላገኘሽ ክለብ ሄደሽ የተጣለ አሮጌ ኳስ ለምኚ፣ ንጥረቱ የሞተው ይሻላታል።