ክዳኑን አያስበይዱት፣ መምህር

አንድ የፊዚክስ መምህር በመንዝ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ለተማሪዎቼ የኒውክሌር ሪአክተር ማሳያ በወተት ጣሳ ሠርቻለሁ። ስቶቭ ላይ ስጥደው ቴርሞሜትሩ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲል ውኃው ይፈላል። መጽሐፉ ግን ሪአክተር ውስጥ ውኃው ከ300 ዲግሪ አልፎም አይፈላም ይላል። ክዳኑን ባስበይደውስ?»

እንዳያደርጉት! የወተት ጣሳ ግፊት አይችልም፤ ቢፈነዳ የሚያገኘው ከፊት የተቀመጠውን ልጅ ነው። ቴርሞሜትርዎም ጤነኛ ነው። እናንተ ያላችሁት 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ውኃውን የሚጫነው ቀለል ብሎ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ ሲጨምር ደግሞ በከፍተኛ፤ የመንዝ እናቶች ባቄላ ቶሎ አይበስልልን የሚሉትም ለዚሁ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር ሠራተኛ ነኝ። ቦይለራችን 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ሲሠራ ውኃው ከ170 ዲግሪ ያልፋል። እርስዎ ያነበቡት ዓይነት ሪአክተር ደግሞ 155 ባር ግድም ይይዛል። ግፊቱን የሚጠብቀው ፕሬዠራይዘር የሚባል ለብቻው የቆመ ጋን ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ በኤሌክትሪክ ያሞቃል፣ ሲወጣ ከላይ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይረጫል።

እሳቱ ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት በተሠራ ቱቦ የተደረደረ የጣት ጫፍ የሚያህል የዩራኒየም ፍሬ ነው። አቶሙ ሲሰነጠቅ ሙቀትና ኒውትሮን የሚባል ቅንጣት ይወጣል፤ ኒውትሮኑ ሌላውን ይሰነጥቃል። ውኃው ሙቀቱን ከመውሰዱም በላይ ኒውትሮኑን ያዘገየዋል፤ ካልዘገየ ደግሞ የሚሰነጥቀው ጥቂት ነው። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ኒውትሮኑን እየዋጡ መሰንጠቁን ይገታሉ። የጋለው ውኃ እንፋሎት የሚያዞረው መዘውር፣ ተርባይን ዘንድ አይደርስም፤ በቀጫጭን ቱቦዎች እያለፈ ሌላ ውኃ ያፈላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የእንፋሎት ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ለማሳያው ትልቅ ድስት ውስጥ ትንሽ ድስት ያስቀምጡ፤ ሁለቱም ውኃ ይኑራቸው፣ ሁለቱም ክፍት ይሁኑ። የውስጠኛው ይሞቃል እንጂ አይንተከተክም። ልጆቹ ለምን ሲሉ፣ የውጭው ራሱ ከ90 ስለማያልፍ ነው፣ ሌላ ውኃ ለማፍላት ከዚያ በላይ መጋል ነበረበት፣ ለዚያ ደግሞ ግፊት ያስፈልጋል ይበሏቸው፤ የ155 ባሩ ነገር ያኔ ይገባቸዋል። ተርባይኑን ለብቻው በማንቆርቆሪያ እንፋሎትና በቆርቆሮ መዘውር ያሳዩ።

አንድ ነገር ግን አይዝለሉ። እኔ በርነሩን ካጠፋሁ እሳቱ ጠፋ። እዚያ ግን ዘንጎቹ ወርደው መሰንጠቁ ቢቆምም፣ ወዲያው ከሙቀቱ 6 ወይም 7 በመቶ ያህል ይቀራል፤ እንደ ኩበት ረመጥ ቀስ እያለ ነው የሚበርደው። ስለዚህ ፓምፑ አይቆምም። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስሪ ማይል ደሴት ላይ ባለው የኒውክሌር ጣቢያ ዘንጎቹ በደንብ ወርደው ነበር። አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ግን ተከፍቶ ቀረ፤ ውኃው በዚያ እየወጣ ሳለ የፕሬዠራይዘሩ ጌጅ ሙሉ ነው አለ። ሠራተኞቹ ጌጁን አምነው የሚገባውን ውኃ ቀነሱ፤ ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

እኔንም አንድ ሌሊት የውኃ ማሳያው መስታወት ቧንቧው በኖራ ተደፍኖ አታሎኝ ነበር፤ መስታወቱ ግማሽ ያሳያል፣ ቦይለሩ ሊደርቅ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ስረከብ መጀመሪያ መስታወቱን ብሎውዳውን አደርጋለሁ፣ ማለትም ከፍቼ ውኃውን አስወጣለሁ፤ ውኃው ወርዶ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ያስረከበኝ ሰው ምንም ቢለኝ አልሰማውም።