በፖስታ የመጡ ጫጩቶች ሞተው ሲገኙ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ነው። ከአንድ የጫጩት ማስፈልፈያ ድርጅት 25 የአንድ ቀን ጫጩቶች በኢንተርኔት አዝዤ ዋጋውን በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። በካርቶኑ ላይ ሰኞ ማለዳ እንደተፈለፈሉ ተጽፏል፤ የፖስታ ቤቱ መከታተያ ደግሞ ማክሰኞ ማታ እንደተረከባቸው ያሳያል። እኔ ዘንድ የደረሱት ዓርብ ጠዋት ሲሆን 16ቱ ሞተው ነበር። ድርጅቱ «እኛ በሕይወት አስረክበናል፤ ፖስታ ቤቱን ይጠይቁ» ይለኛል፣ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ወደ ላኪው ይመልሰኛል። ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያን ካርቶን ከፍቶ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳዝን እረዳለሁ። ባቀረቡት ዝርዝር ላይ ተመሥርቼ ስመለከተው፣ በመጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው የሸጠልዎትን ድርጅት ነው።

የአሜሪካ ፖስታ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ማጓጓዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ጫጩት ከመፈልፈሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚስብና በዚያ ስንቅ ሦስት ቀን ያህል ያለ መኖና ያለ ውሃ መቆየት ስለሚችል ነው። የፖስታ ደንቡም ይህንኑ ተፈጥሮ ተከትሎ፣ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉበት ሰዓት አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቀባዩ መድረስ እንዳለባቸው፣ የተፈለፈሉበትን ቀንና ሰዓትም ጉዳዩን በቀጥታ የሚያውቅ የድርጅቱ ሠራተኛ በካርቶኑ ላይ መጻፍ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ እርስዎ እጅ ያለው ካርቶን ላኪው ራሱ የጻፈው ማስረጃ ነውና በምንም ምክንያት እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ።

የ72 ሰዓቱ ገደብ ያበቃው ሐሙስ ማለዳ ነው። ድርጅቱ ጫጩቶቹን ለፖስታ ቤት የሰጠው ግን ከዚህ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ከጨረሰ በኋላ፣ ሊደርሱ የሚችሉበት ጊዜ 36 ሰዓት ገደማ ብቻ ሲቀረው ነበር። ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ የሚባለው የንግድ ሕግ ስለ ዕቃ ሽያጭ የሚደነግገውን ክፍል ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ተቀብለውታል። በዚህ ሕግ መሠረት ሻጩ ዕቃውን ለአጓጓዥ የሚያስረክብበት ውል ከሆነ፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመደበኛው የገዢው ኪሳራ ይሆናል፤ ድርጅቱም የሚከራከረው ይህን ይዞ ነው። ይሁንና ያው ሕግ ሻጩ የዕቃውን ባሕርይ ያገናዘበ ተገቢ የማጓጓዣ ውል እንዲገባ ያስገድደዋል። ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠርን ሕይወት ያለው ነገር አንድ ቀን ተኩል አቆይቶ መላክ ይህን ግዴታ ማሟላት ነው ብዬ አላምንም። ሆኖም መንገዱ በመደበኛው ከ36 ሰዓት በታች የሚፈጅ ሆኖ መዘግየቱ የፖስታ ቤቱ ብቻ ከነበረ፣ የድርጅቱ ክርክር ይጠነክራል።

ከዚህም በላይ ድርጅቱ «በሕይወት ለመድረሳቸው ዋስትና እንሰጣለን» ብሎ ከሆነ፣ ያ ቃል ራሱን የቻለ ግዴታ ነው። የዋስትናውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ጉዳቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከፎቶግራፍ ጋር እንዲያሳውቁ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። ሕጉም ቢሆን በተገቢ ጊዜ ውስጥ ያላሳወቀ ገዢ መብቱን ያጣል ስለሚል፣ የሞቱትን ብዛት፣ የደረሱበትን ሰዓትና የሚጠይቁትን ገንዘብ ጠቅሰው ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ። የተረፉትን 9 ጫጩቶች መቀበልዎ በጊዜ እስካሳወቁ ድረስ ካሳ የመጠየቅ መብትዎን አያስቀርም።

ፖስታ ቤቱን በቸልተኝነት መክሰስን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ በግልጽ ልናገር። የፌዴራሉ መንግሥት በሠራተኞቹ ቸልተኝነት እንዲከሰስ የሚፈቅደው ሕግ፣ የፖስታ ዕቃ በመጥፋቱ ወይም በቸልተኝነት በመጓጓዙ የሚቀርብን ክስ ለይቶ ይከለክላል። የሚቀርዎት መንገድ የኢንሹራንስ ጥያቄ ነው፤ ጥቅሉ ኢንሹራንስ ከነበረው ጥያቄው ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። እዚህም ላይ ደንቡ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊደረስበት ወደማይችል ቦታ ተልከው ለሞቱ ጫጩቶች ካሳ አይከፈልም ይላል፤ ይህም ጥፋቱን መልሶ ወደ ላኪው የሚያመለክት ነው።

ድርጅቱ እምቢ ካለ፣ ግዢው የታየበት የመጀመሪያው የክሬዲት ካርድ መግለጫ ከተላከልዎት አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ሰጪ ባንክ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላሉ። ይህም ካልተሳካ በአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ችሎት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል፤ የክሱ ይርጋ በመደበኛው አራት ዓመት ቢሆንም፣ በውሉ ሊያጥር ስለሚችልና ማስረጃዎ አሁን ትኩስ ስለሆነ እንዳይዘገዩ እመክራለሁ።