መዓዛው የጠፋው ከቡናው ነው ወይስ ከአፍንጫዬ?

ጥያቄ፦ ቡና ቆልቼና ፈጭቼ በችርቻሮ እሸጣለሁ። ባለፈው ክረምት መጋዘን ውስጥ እርጥበት ያገኘው አንድ ጆንያ ቡና ሲቆላ የሻገተ ካርቶን የመሰለ ሽታ አወጣ። ያስገረመኝ ሽታው ይህን ያህል ሳይበረታ የቡናው መዓዛ ጨርሶ መጥፋቱ ነው። አንድ ደንበኛዬ «አፍንጫ የሚያደነዝዝ ኬሚካል ይኖርበታል» አሉኝ። በእርግጥ እንዲህ ያለ ኬሚካል አለ? ወይስ ቀኑን ሙሉ ቡና ስቆላ ስለምውል መዓዛውን ለምጄው ይሆን? (ቡና ቆዪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደንበኛዎ ከእውነት አልራቁም። ይሁንና የጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የአፍንጫ መደንዘዝና መልመድ፣ በሕዋስ ውስጥ የሚካሄዱበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ማየቱ ይሻላል።

በአፍንጫችን የላይኛው ክፍል የሚገኙት የማሽተት ነርቭ ሕዋሳት ጫፋቸው ላይ ጸጉር የመሰሉ ቅጥያዎች አሏቸው፤ የሽታ ተቀባይ ፕሮቲኖችም የተሰኩት በእነዚሁ ላይ ነው። የተቀባዮቹን ዘረመሎች ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አድርገው በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሰው 400 ያህል የሚሠሩ የተቀባይ ዓይነቶች አሉት። የመዓዛ ሞለኪዩል ከተቀባዩ ጋር ሲገጥም ተቀባዩ በውስጥ በኩል ያለውን ጂ ፕሮቲን ያነቃል፤ ጂ ፕሮቲኑ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያነሣሣል፤ ኢንዛይሙም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ያመርትና ይህ መልእክተኛ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉትን በሮች ከፍቶ ሶዲየምና ካልሲየም ያስገባል። የገባው ካልሲየም ደግሞ ክሎራይድ የሚወጣባቸውን ሌሎች በሮች በመክፈት ምልክቱን ያጎላዋል፤ ከዚህ በኋላ ነው ሕዋሱ ወደ አንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት የሚልከው።

መንገዱ ይህን ያህል ደረጃ ያለው በመሆኑ ኬሚካሎች ጣልቃ የሚገቡበት ቦታም ብዙ ነው። አንዳንዱ ገና ከበሩ ውጭ፣ በተቀባዩ ላይ ይሠራል፦ ለምሳሌ ቡርዦናል የተባለው አበባ አበባ የሚሸት ውህድ የሚያነቃውን ተቀባይ አንዴካናል የተባለው ሌላ ሽታ ያግደዋል። ፎርስኮሊን የተባለው ከዕፅዋት ሥር የሚወጣ ውህድ ግን ተቀባዩን አልፎ ኢንዛይሙን በቀጥታ ስለሚያነሣሣ፣ ተመራማሪዎች ምንም ሽታ ሳይኖር ሕዋሱ «ሸተተኝ» እንዲል ያደርጉበታል። የካፌይን የቅርብ ዘመድ የሆነው አይቢኤምኤክስ ደግሞ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ምልክቱን ያራዝማል።

የእርስዎን ጥያቄ የሚመለከተው ግን በሮቹን ራሳቸውን የሚዘጋው ነው። ትራይክሎሮአኒሶል፣ በአጭሩ ቲሲኤ፣ ሻጋታ ክሎሪን ያለባቸውን ፊኖል የተባሉ ውህዶች ሲለውጥ የሚፈጠር ውህድ ነው። በወይን ጠጅ ነጋዴዎች ዘንድ ወይኑን የሻገተ ካርቶን የሚያሸተው የቡሽ ክዳን ብልሽት ተጠያቂ ሆኖ የታወቀ ሲሆን፣ የቡና ቀማሾች «ሪዮ» በሚሉት፣ ቡናውን መድኃኒት መድኃኒት በሚያሰኘው ጉድለት ውስጥም ይገኛል። ለረጅም ጊዜ የታሰበው መጥፎ ሽታው ጥሩውን እየሸፈነ እንደሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች ኒውት በተባለች እንሽላሊት መሰል የውኃ እንስሳ የማሽተት ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት ግን ቲሲኤ ሕዋሱን እንደ ሽታ ሳያነቃው በሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚከፈቱትን በሮች እንደሚያፍን ታየ። ውጤቱ በአቶሞላር መጠን እንኳ ተመዝግቧል፤ አንድ አቶሞላር ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ 600,000 ያህል ሞለኪዩሎች ማለት ሲሆን፣ ለኬሚስት ይህ ከምንም የማይቆጠር መጠን ነው። ምክንያቱ ውህዱ ስብ ወዳድ መሆኑ ይመስላል፦ ስብ በሆነው የሕዋስ ሽፋን ውስጥ እየሰረገ ስለሚከማች ማፈኑ በጊዜ ብዛት ይጠነክራል። የኒውት ሕዋስ የሰው አፍንጫ እንዳልሆነ መርሳት የለብንም፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ የሞከሯቸው ተመሳሳይ ውህዶች በማፈን ኃይላቸው የያዙት ቅደም ተከተል ሰዎች ብልሽቱን ከሚለዩበት ጋር መግጠሙ ለእኔ አሳማኝ ነው።

መልመድ ሌላ ነው። ቡና እየቆሉ መዓዛው ሲጠፋብዎ ሥራውን የሚሠራው የውጭ ኬሚካል ሳይሆን በበሮቹ የገባው ካልሲየም ራሱ ነው፤ ካልሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ በሮቹ ለሳይክሊክ ኤኤምፒ ያላቸውን ስሜት ይቀንሳል። ወደ ደጅ ወጥተው ንጹሕ አየር ስበው ሲመለሱ መዓዛው ከተመለሰ ነገሩ መልመድ ነው። (ሽቶ ሻጮች አፍንጫን «ለማደስ» ቡና ማሽተታቸው የተለመደ ቢሆንም፣ ይህን የፈተነ ጥናት ቡናው ከንጹሕ አየር የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ ለቡና ነጋዴ ይህ ደስ የሚል ዜና እንዳልሆነ እረዳለሁ።) ስለዚህ ከዚያው ጆንያና ከደህናው ቡና እኩል ቆልተው፣ ዕለቱን ቡና ያልቆላ ሰው እንዲያሸታቸው ያድርጉ፤ እሱም የመጀመሪያው መዓዛ የለውም ካለ ጥፋቱ የአፍንጫዎ አይደለም። ቲሲኤ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

መቁላት ቲሲኤን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ቲሲኤ በሚገኝበት መጠን ለጤና የሚያሰጋ አይደለም፤ ነገር ግን የሻገተ ቡና ሽታ የሌለው ኦክራቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ያንን ጆንያ ለሽያጭ ባያውሉት ይመረጣል። የመጋዘኑን የእንጨት መደርደሪያ በበረኪና ከማጠብም ይታቀቡ፤ ክሎሪኑ ከእንጨቱ ፊኖል ጋር ሲገናኝ ሻጋታው ወደ ቲሲኤ የሚለውጠውን ጥሬ ዕቃ ያቀብላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዳንድ ነጋዴ እንደሚያደርገው መጥፎውን ቡና ከጥሩው ጋር ቀላቅለው ለመሸፈን አይሞክሩ፦ ችግሩ የሽታ መብዛት ቢሆን ኖሮ ጥሩው ይሸፍነው ነበር፤ በሮቹን የሚዘጋ ውህድ ካለበት ግን የጥሩውንም መዓዛ ይዞት ይሄዳል።