ስለ ጀርባ መጣመምና መጉበጥ የጠየቃችሁኝ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ አከርካሪ አጥንት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። አንዱ ትከሻዋ ከፍ ብሏል። የደብተር ቦርሳዋ ይሆን?

መልስ፦ ቦርሳው ነፃ ነው። ከባድ ቦርሳ ጀርባ ያሳምማል እንጂ አከርካሪ አያጣምምም። እስቲ ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ታጎንብስ። አንቺ ከኋላዋ ሆነሽ እይ። የአንድ ወገን ጎድኗ ከሌላው ከፍ ካለ ራጅ ያስፈልጋታል። አከርካሪ ወደ ጎን ሲታጠፍ ይዞራልም፤ ጎድኑንም ይዞ ነው የሚዞረው። ቆማ ያልታየሽ ነገር ጎንበስ ስትል የሚወጣው ለዚህ ነው። ራጁ ላይ መታጠፉ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከምን ይመጣል? አቀማመጤ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ የሚወጣው አብዛኛው ስኮሊዮሲስ ቁርጥ ያለ ምክንያት የለውም። በዘር የመሄድ ነገር አለው። ሴቶች ላይ ደግሞ የመባስ ዕድሉ ከፍ ይላል። «ቀና በይ!» እየተባለች ያደገች ልጅ ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ። ቁጣ አጥንት አያቃናም።

ጥያቄ፦ ሱቅ የሚሸጠው የጀርባ ቀበቶ ይሠራል?

መልስ፦ ለዚህስ ገንዘብህን አታባክን። የሚሠራው በልጁ ልክ የሚዘጋጅ ጠንካራ ብሬስ፣ ማለትም አካሉን አቅፎ የሚይዝ መደገፊያ ነው። እሱም ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ፣ መታጠፉ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ከታሰረ። ሥራው እንዳይብስ መያዝ ነው። ከ45 ወይም 50 ዲግሪ ካለፈ የኦፕሬሽን ወሬ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ ገጠር ያለው ወንድሜ 9 ዓመቱ ነው። መሃል ጀርባው ላይ ሹል ነገር ወጥቷል፣ ከስቷል፣ ማታ ያልበዋል። ወጌሻ ጋ እንውሰደው?

መልስ፦ በፍጹም! እንዳይታሽ፣ እንዳይሳብ። ይህ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው በደም ተጉዞ አከርካሪ ውስጥ ይገባና የአጥንቱን የፊት ክፍል ይበላል። የፊቱ ሲፈርስ የኋላው ቆሞ ይቀራል፤ ጀርባው ወደ ፊት ይታጠፍና ሹሉ ይወጣል። ልጁ ላያስል ይችላል፣ «ሳል የለውም» ብላችሁ አትዘናጉ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ለብዙ ወራት ነው የሚወሰደው፤ ሲሻለው ማቋረጥ የለም። መድኃኒቱ በሽታውን ይገድላል እንጂ የታጠፈውን አይመልስም። መቅደም የሚሻለው ለዚህ ነው። እግሩ ከከዳው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን ነገ አይባልም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ሲወለድ ጀምሮ የተጣመመስ? ጎረቤት እርግማን ነው ይላል።

መልስ፦ ጎረቤት ብዙ ይላል። አከርካሪ የሚሠራው በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ያኔ አንዱ አጥንት በግማሹ ብቻ ከተሠራ ወይም ሁለቱ ከተጣበቁ ልጁ ሲያድግ ጀርባው ይጣመማል። ልብና ኩላሊቱም አብረው ይታዩለት፤ የሚሠሩት በዚያው ጊዜ ስለሆነ አንዳንዴ ችግር ይኖራቸዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። እየጎበጡ፣ እያጠሩ ነው።

መልስ፦ የአጥንት መሳሳት ይመስላል። ሳይወድቁ እንኳ አከርካሪያቸው ሊሰበር ይችላል። ይመርመሩ፣ መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ በጣም የታጠፈ ሰው ተስፋ አለው?

መልስ፦ አለው። አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆደስ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን ለዓመታት ሲረዱ ቆይተዋል። ብዙዎቹ ኦፕሬሽን የተደረገላቸው ጋና ውስጥ፣ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ባቋቋሙት ፎኮስ ሆስፒታል ነው። እጅግ የታጠፈ ጀርባ በአንዴ ቢቀና ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጭንቅላት ላይ የብረት ቀለበት ይታሰርና በክብደት ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሳባል። ሲያዩት ያስፈራል፤ ልጆቹ ግን ቀለበቱን እንዳሰሩ ይጫወታሉ።

ለመጀመር የአጥንት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ። ራጁ ቆሞ የተነሳ ይሁን፤ ተኝቶ ሲነሳ መታጠፉ አንሶ ይታያል። የድሮውንም አትጣሉ፣ መባሱ የሚለየው ከአዲሱ ጋር ሲተያይ ነው።