ጥያቄና መልስ፦ «ኤኩዎ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ከላቲን እንዴት መጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጣሊያኖች ፍትሐዊውን «ኤኩዎ» ይሉታል። ሥሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ የላቲኑ «አይኩዉስ» ነው። መነሻው ፍርድ ቤት ሳይሆን መሬት ነው፤ ደልዳላ፣ ወጣ ገባ የሌለው ማለት ነው። ባለቅኔዎቹም ባሕሩን ከዚሁ ሥር «አይኩዎር» ብለውታል፤ ዝርግ ነውና። ቃሉ ወደ ሰው ጠባይ ሲሻገር ለማንም የማያዘነብል ሆነ። በሮማ ቄሳሮች ሳንቲሞች ላይ «አይኩዊታስ»፣ ማለትም ፍትሐዊነት፣ በሴት አምሳል ተቀርጻለች፤ በአንድ እጇ ሚዛን፣ በሌላው ፍሬ የሞላበት ቀንድ ይዛለች። ሁለቱን የሚዛን ሰሃኖች ልብ በሉ፤ አንዱ ከሌላው ዝቅ ካላለ አይኩዉስ ማለት ያ ነው። አደራ፣ ፈረስ ከሚባለው «ኤኩዉስ» ጋር አታምታቱት!

ጥያቄ፦ ስፓኒሽኛውስ?

መልስ፦ «ኤኪዳድ»፣ ማለትም ፍትሐዊነት፤ ሥሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከሮማ ፈረሰኞች መጣ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አልመጣም። ከላይ ጽፌዋለሁ፤ አንብበው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኢፍትሐዊው ለምን «ኢኒኩዎ» ሆነ?

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እወዳለሁ። በላቲን ቅጥያ ከፊት ሲገባ የግንዱ አናባቢ ይደክማል፤ «አይ» ወደ ረጅም «ኢ» ይወርዳል። «ኢን» እና «አይኩዉስ» ተጋጥመው «ኢኒኩዉስ» ሆኑ። «ካይዶ»፣ ማለትም እቆርጣለሁ፣ «ኢንኪዶ» የሚሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ጣሊያንኛ ያን የሺህ ዓመታት ጠባሳ እንዳለ ይዞታል።

ጥያቄ፦ የእኛ «እኩል» ከዚሁ ተወስዶ ይሆን?

መልስ፦ የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን አያስረዳም፤ ስንቴ ልበል? «እኩለ ሌሊት» ስንል ግማሽ ማለታችን ነው። የላቲኑ መነሻ ግን ደልዳላነት ነው።

አንድ አባል፦ ለአይኩዉስ የሚቀርበው «ርትዕ» ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነው ያረቀቁት፤ ከአይኩዉስ የመጣውን የፈረንሳይኛ «ኤኪቴ»ን የሕግ ሰዎቻችን ርትዕ ይሉታል።

ሌላ አባል፦ በትርጉም ይገናኙ እንጂ በምስል አይገናኙም። በግእዝ «ረትዐ» ቀና ማለት ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ ሁሉ ደልዳላ ሜዳ አይደለም።

የመጀመሪያው አባል፦ ዳኛ ፊት ልዩነቱ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ክርክሩ ከርእሱ እየወጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን ልክ ናቸው። የርትዕ እውነተኛ አቻ «ዲሬክቱስ» ነው፣ የተቃና ማለት። ጣሊያኖች ከእርሱ «ዲሪቶ»ን፣ ፈረንሳዮች «ድሯ»ን አወጡ፤ ሁለቱም ቀጥ ያለም፣ ሕግም፣ መብትም ማለት ናቸው። ግእዝም ሮማም በየፊናቸው ፍርድን ከቀጥታ መስመር አገናኙ፤ አይኩዉስ ግን የሜዳ ቃል ነው።